በአንድ ቀንበር የሚያርሱ ሁለት የፓርቲ ወኪሎች

በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ አንድ የሲቪክ ማኅበር በታዛቢነት መድቦኝ ነበር። ረጅም ዘመን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኑሮዬ ንፋስ መውጫ ነው። ማኅበሩ የመደበኝ ግን ተወልጄ ባደግሁበት የጋይንት ገጠር ቀበሌ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በተቋቋመ ምርጫ ጣቢያ ነበር። አገሩንና ሰዉን ስለማውቅ ሥራው የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ያከበደብኝም ሰዉን ማወቄ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን ብዙ ነገር አልፏል። የፓርቲ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ግን ዛሬም ቀድመው የሚታወሱኝ ዕጩዎቹ ሳይሆኑ ሁለት በሬዎች ናቸው።

እንየውና ጥጋቡ ድንበርተኛ ገበሬዎች ናቸው። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ስላላቸው በመቀናጆ ያርሳሉ፤ የእንየውን ቡሬና የጥጋቡን ዳለቻ በአንድ ቀንበር ጠምደው፣ ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። ባላቸው የሞተባቸውና በሬ የሌላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አለምነሽም መሬታቸውን ለእነዚሁ ሰዎች በእኩል፣ ምርቱን በግማሽ ሊካፈሉ፣ ሰጥተው ይኖራሉ። በዚያ አንድ ቀንበር ሦስት ቤት ይተዳደራል ማለት ነው።

በምርጫው ሰሞን እንየው የአንድ ሀገር አቀፍ ፓርቲ ወኪል ሆነ። ጥጋቡ ደግሞ የክልሉን ሕዝብ ጥያቄ አስቀድሞ ለሚያነሣ ፓርቲ ተወከለ። ክርክራቸውን አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

«መንገዱም፣ ማዳበሪያውም፣ ሐኪሙም የሚመጣው ሀገር ስትጸና ነው» አለ እንየው። «እሷ ከላላች ማን ጋይንትን ያስታውሳል?»

«ሀገርማ አለችኝ!» አለ ጥጋቡ። «እኔ የምልህ፣ በሀገሬ ውስጥ ስለ እኔ የሚናገርልኝ ሰው ይኑረኝ ነው። ዝም ስላልን አይደል እስከ ዛሬ የተዘለልነው?»

እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ሳዳምጥ የአንዱ ቃል የሌላውን የሚያፈርስ ሆኖ አልታየኝም። ሀገሪቱን በሙሉ የሚያይ ፓርቲ ያስፈልገናል፤ የደጃችንን ችግር በስሙ የሚጠራልን ሰውም ያስፈልገናል። ክርክሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ሁለቱንም አመስግኜ ወደ ቤቴ በሄድኩ ነበር። እንየው ግን ጨዋታ አማረውና፦

«ያንተ ፓርቲ እኮ እንደ ዳለቻ ነው፤ ቀንበር ሲያይ ይተኛል!» አለው።

ሰንበቴተኛው በሳቅ ፈነዳ። ጥጋቡ አልሳቀም። በእኛ አካባቢ ሰው ፓርቲው ቢሰደብበት መልስ ይሰጣል፤ በሬው በሰው ፊት ሲዋረድ ግን ቤቱ የተደፈረ ያህል ነው።

«እንግዲያው የሚተኛውን በሬ ፍታልኝ» አለና ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ በሬዎቹ ተለያዩ። ቀንበሩ እንየው ቤት ቀረ፤ ሞፈሩ ጥጋቡ ቤት። ዝናቡ ጣለ፣ መሬቱ ራሰ፣ የሌላው ሰው ገብስ ተዘራ። የእነዚህ የሦስቱ ማሳ ግን ሳይዘራ ዝናቡን ይጠጣ ጀመር። ሁለቱም ሽማግሌ መላክን እንደ መሸነፍ ቆጠሩት።

ወይዘሮ አለምነሽ እኔ ወዳረፍኩበት ዘመዴ ቤት መጡ።

«አያ በላይነህ፣ እርስዎ የሸመገሉት ነገር አይፈርስም ይባላል። እነዚህን ሰዎች ያስታርቁልኝ። ሰኔ ካለፈ ገብሱ አይሆንልኝም፤ ሌላ የሚያርስልኝ የለም።»

አንገቴ ላይ ያለውን የታዛቢ ባጅ አሳየኋቸው። ታዛቢ ያያል፣ ያየውንም ያሳውቃል፤ በተፎካካሪ ወኪሎች መካከል መግባት ግን ሥነ ምግባሩ አይፈቅድለትም። ቃል የፈረምኩበት ጉዳይ ነውና ምርጫው እስኪያልፍ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው።

«እኔስ ልታገሥ፤ ዝናቡስ የእርስዎን ባጅ ይጠብቅልኛል?» ብለውኝ ሄዱ።

የምርጫው ዕለት የጰራቅሊጦስ ማግስት፣ የሰኔ ጾም የሚገባበት ሰኞ ነበር። ካህናቱም ገበሬውም በባዶ ሆድ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጭቃው ላይ ተሰልፈው ዋሉ። አንድም ሰው ሰልፉን ትቶ ሲሄድ አላየሁም። እንየውና ጥጋቡ ለወኪሎች በተዘጋጀው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበር።

የወይዘሮ አለምነሽ ተራ ደረሰ። የጣቢያው ኃላፊ፣ አንዲት ረጋ ያለች መምህርት፣ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ሰጥታቸው አንዱ ለፌዴራሉ፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት መሆኑን አስረዳቻቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት እንደሚችልም ነገረቻቸው።

«እነዚህን ነው የማምነው» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ፣ በሁለቱ ሰዎች ላይ እጃቸውን ዘርግተው። «ሁለቱም ይግቡልኝ።»

«እማማ፣ እነሱ የፓርቲ ወኪሎች ናቸው። አይፈቀድም።»

«አንዱ ብቻውን ቢገባ ሌላው ይጠረጥራል። አብረው ቢገቡ ምን አለበት? ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ከዚህ በፊት አብረው ገብተው ያበላሹብኝ ነገር የለም።»

ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ «እትዬ፣ ምርጫ እኮ እርሻ አይደለም!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አይደለም እንዴ?» አሉ ዘወር ብለው። «ታዲያ የእኔ ማሳ በምን ምክንያት ጦም አደረ?»

ሳቁ ቆመ። እንየው ጫማውን ያይ ጀመር፤ ጥጋቡ ደግሞ መስኮቱን። ወይዘሮ አለምነሽ ብቻቸውን ከመጋረጃው ጀርባ ገቡና ቆየት ብለው ወጡ። ወረቀቶቹን በየሳጥኑ ከጨመሩ በኋላ በአግዳሚው ፊት ቆሙ።

«ለማን እንደሰጠሁ ሁለታችሁም አታውቁም» አሉ። «እንግዲህ እኩል ናችሁ፤ እኩል እረሱ።»

ያ ንግግር በምርጫ ጣቢያ ውስጥ የሚፈቀድ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። መምህርቷ ግን ወረቀት የምታስተካክል መስላ ፊቷን ሰወረች።

ድምፅ አሰጣጡ ሲያበቃ ስለ መሸ ቆጠራው ለማግስቱ ተላለፈ። የታሸጉት ሳጥኖች በክፍሉ ውስጥ ሲያድሩ ሁለቱ ወኪሎችም እዚያው አደሩ። ጠዋት ስመለስ በር ሲጠብቅ ያደረውን ፖሊስ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅሁት።

«ተራ በተራ ተኙ» አለኝ። «አንዱ ‹ተኛ፣ እኔ አለሁ› ይለዋል፣ ያኛው ይተኛል። ደግሞ ይለዋወጣሉ። ሌላ ወሬ አልሰማሁም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው ያደረው።»

ብዙ ዓመት ችሎት ውስጥ ሰው ሰውን ሲጠረጥር ያየሁ ነኝ። ሰው የተፎካካሪውን ድምፅ እየጠበቀ፣ የራሱንም ለተፎካካሪው አምኖ ሲተኛ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ቆጠራው ተጀመረ። የክልሉ ምክር ቤት ወረቀቶች ሲለዩ የሁለቱ ፓርቲዎች ክምር በዓይን ሲታይ እኩል ይመስል ነበር። በዚህ መካከል አንድ ወረቀት አከራከረ። መራጩ ያሳረፈው የጣት አሻራ በወረቀቱ ላይ ባሉት በሁለቱ ፓርቲዎች ምልክቶች መካከል ተንሸራቶ ቀለሙ ወደ ሁለቱም ፈስሷል። መምህርቷ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። «ይህ የሚሰረዝ ይመስለኛል» አለች።

ጥጋቡ ከአግዳሚው አልተነሣም። ቢናገር ለራሱ ያደላ ያሰኘዋል። የተነሣው እንየው ነው። አጎንብሶ ወረቀቱን ሳይነካ ቀና ጎንበስ እያለ መረመረው።

«ጣቱ ያረፈው እዚህ ነው» አለ የጥጋቡን ፓርቲ ምልክት እያመለከተ። «ቀለሙ የወፈረው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ሲያነሣው የጎተተው ነው። የጥጋቡ ነው፤ አይሰረዝ።»

«ስለ ፓርቲህ ሆነህ ነው የምትናገረው? እርግጠኛ ነህ?» አለችው መምህርቷ።

«ስለ ፓርቲዬ አይደለም፤ ስለ መራጩ ነው። በዝናብ ቆሞ የሰጠውን እኔ አልጥልበትም።»

ሌሎቹ አስፈጻሚዎችም ተመልክተው ተስማሙ። ያ አሻራ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም። እንየው ተመልሶ ሲቀመጥ ጥጋቡ ከአግዳሚው ጥግ ተነሥቶ በመካከል ያለውን ክፍተት አልፎ እንየው አጠገብ ተቀመጠ።

ሲደመር የጥጋቡ ፓርቲ በጥቂት ድምፅ በለጠ። እንየው ቅሬታ የማስመዝገብና ፊርማውን የመከልከል መብት ነበረው፤ ሁላችንም እጁን ነበር የምናየው።

«የሚተኛው በሬ ተነሣ አይደል?» አለው ጥጋቡ ቀስ ብሎ።

«ተነሣ እንጂ! ከተነሣ ደግሞ ይጠመድ» አለ እንየው። ወደ መምህርቷ ዞሮም «እባክሽ ቶሎ አስፈርሚን፤ እርጥበቱ ሳያመልጠን» አላት። ከሁሉም በፊት የፈረመ እሱ ነው።

ባጄን አውልቄ ለሽምግልናው ስዘጋጅ የሚሸመገል ነገር አጣሁ። እንየው ቀንበሩን፣ ጥጋቡ ሞፈሩን ተሸክመው መጡና ከሁለቱ ማሳ አስቀድመው ወደ ወይዘሮ አለምነሽ ማሳ ገቡ። ወይዘሮ አለምነሽ የዘር ገብሱን በቁና ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። «አያ በላይነህ፣ ባጅዎ ወረደ?» ብለው ጮኹልኝ። ዳለቻ ፈጽሞ አልተኛም።

እኔ ለማን ድምፅ እንደሰጠሁ አልናገርም። የትኛው ፓርቲ ሀገሪቱን፣ የትኛው ክልሉን ቢመራ ይሻላል በሚለው ላይ ዛሬም የራሴ አቋም አለኝ፤ የሚሞግተኝ ሲመጣም እሞግታለሁ። ነገር ግን የፓርቲ ፖለቲካ ሰውን ማጣላት ብቻ ነው የሚል ሲገጥመኝ አልስማማም። በሕግ ዘመኔን የጨረስኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ሕጉ በደንብ ሲሠራ ያየሁት በእነዚያ ሁለት ገበሬዎች እጅ ነው ብዬ ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

ሁለቱም ወኪሎች ያለ ቅሬታ የፈረሙበት የምርጫ ጣቢያችን ውጤት በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ማክሰኞ፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።