የነርሶቹ መጽሐፍና የአክስቴ መጋረጃ

ደሴ ላይ ትርፍ አንጀቴ በኦፕራሲዮን የወጣ ጊዜ አንዲት ነርስ እየተመላለሰች «አየር ወጣልህ?» ትለኝ ነበር። አልጋዬን ደግሞ ከኮምቦልቻ የመጡ የፋብሪካ ባልደረቦቼ፣ ሴቱም ወንዱም ከበውታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ ልመልስ? ወጥቶ ነበር፤ ግን «ኧረ አልወጣም» እያልኩ ቀኑ መሸ። ያመጡልኝን ሾርባ ራሳቸው ጠያቂዎቼ ሲጨርሱት እያየሁ ጦሜን አደርኩ።

ጥያቄዋ የገባኝ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው። እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሃል አንድ የነርስ ተማሪ የሸጠውን ፎቶ ኮፒ ሞጁል አገኘሁና እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በአየሩ ነው፣ ምግብ የሚፈቀደውም ከዚያ በኋላ ነው ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጩ ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካየሁ አላልፍም። ከሽመና ክፍል ፈረቃዬን ጨርሼ ስገባ፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ አነባለሁ። ሰው ልብ ወለድ ይዞ ሲቀመጥ እኔ አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታሸግ ይዤ እቀመጣለሁ። ተማሪው በእርሳስ «መምህሩ ይህን ይወዳል» ብሎ የጻፈባቸውን ገጾች እኔም ወደድኳቸው። ለካ ያቺ ነርስ አንድም ነገር ያደረገችው በዘፈቀደ አልነበረም። ይህን ማወቅ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

ዘንድሮ የእናቴ እህት ከቢስቲማ እኔ ዘንድ መጡ። የሐሞት ጠጠር ነው፤ ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ቶሎ ይውጣ ብሏል። አክስቴ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሞትን ፈርተው አይደለም።

«ባዕድ ወንድ ገላዬን ከሚያየው፣ ወላሂ ከነጠጠሬ ልሙት» አሉኝ።

ተናደድኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት የራሴ ሾርባ ትዝ አለኝ። እኔስ በየት በኩል ደፋር ሆኜ ነው? የሾርባውን ነገር አጫወትኳቸውና ሞጁሉን አወጣሁ።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ ይስሙኝማ። የታማሚን ገመና መጠበቅ የነርስ ግዴታ ነው ይላል። ከሚታከመው ቦታ በቀር ሌላው ገላ ይሸፈናል። ከሁሉ በፊት መጋረጃ ይሳባል።»

«መጽሐፉ ነው የሚለው፣ ወይስ አንተ?»

«መጽሐፉ ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። በማግስቱ ደሴ ወጣን።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በሁለተኛው ቀን ከቢስቲማ የመጣው ዘመድ፣ ሼኹ ሳይቀሩ፣ አልጋቸውን ከቦ ዱዓ ሲያደርግ ነርሷ ብቅ አለች።

«እማማ፣ አየር ወጣልዎት?»

እኔ አቀረቀርኩ። እሳቸውም እንደኔ ሊዋሹ ነው አልኩ በልቤ።

አክስቴ ግን ቀና አሉና «ነይ ልጄ፣ መጀመሪያ መጋረጃሽን ሳቢ። መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው» አሏት።

ሳበችው። ከመጋረጃው ጀርባ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የነርሷ ሳቅ ተሰማ። «ቀጠን ያለ ሾርባ ይስጧቸው» ብላ ወጣች። ሾርባውን ይዤ ስገባ እንባዬ ቀደመኝ፤ ስለ እሳቸው ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

«አብሽር» አሉኝ አክስቴ፣ አንድ ጊዜ ፉት ብለው። «አንተም ያኔ መጋረጃ ሳቢልኝ ብትላት ኖሮ ጠግበህ ታድር ነበር።»