ወላቃዋ መፍቻ

ሰፈሩ «ጋሽ መፍቻ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት አጥር የምትጋራው ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል። «ሌላው ሚስት ስትሞትበት ሚስት ያገባል፤ ይሄ ሰውዬ አርባ ሦስት መፍቻ አገባ» ያለችው፣ የጨረሰችው ቀሚስ ሳይተኮስ መንደሩን አዳረሰ። ሐሜት ነውና ግማሹ እውነት ነው። መሰብሰብ የጀመረው ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነበር፤ የበዛው ግን ከሄደች በኋላ ነው። «ቤቱ ጭጭ አለብኝ» እያለ፣ አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ሁሉ አንድ አንድ ይዞ ይገባል።

ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የፈጀ ሰው ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ የድሮ የቧንቧ መፍቻዎች ናቸው። እጀታው እንጨት የሆነ አለ። በመንጋጋ ፈንታ ሰንሰለት የሚጠመጥም አለ። አንገቱ ወደ ጎን የዞረ፣ ያኮረፈ ባል የሚመስል አለ። በሁለቱም ጫፍ አፍ ያለው አለ፤ እሱን «ልብስ ሰፊዋ» ብሎ ሰይሞታል።

አንድ ሕግ ነበረው። በሞት ያረፈ ሠራተኛ መፍቻ ሲገዛ ዝገቱን ያጸዳል፣ ዘይት ይቀባዋል፤ አፉን የምታጠብበውንና የምታሰፋውን ቀለበት ግን አያዞርም። መፍቻ ከቧንቧ ሲወርድ የነከሰውን ያህል ተከፍቶ ይቀራላ። ያ ክፍተት የባለቤቱ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ከሁሉም የምትበልጥበት ወላቃዋ ናት፤ ከላይኛው መንጋጋዋ ሦስተኛው ጥርስ የለም። ቧንቧ በሁለት መፍቻ ነው የሚፈታው፤ አንዱ ሲያዞር ሌላው ካልያዘ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠመዘዛል። በቤታቸው ያዧ ሚስቱ፣ መያዣዋም ወላቃዋ ነበረች።

«አጥብቀሽ ያዢ!» ይላታል።

«እስከ ዛሬ የያዝኩህ ላልቶ ነው እንዴ?» ትለዋለች።

እሱ ሌላ ከተማ ለሥራ ሄዶ ሳለ በድንገት አረፈች። ሲመለስ ወላቃዋን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አፏን እንደከፈተች አገኛት። ሚስቱ ብቻዋን የሆነ ነገር ነክሳባታለች። ምኑን? ሦስት ዓመት ሙሉ «ዛሬ ልኳን ይዤ እፈልጋለሁ» ይልና ይተወዋል። ካገኘው አለቀ። ካላገኘው ግን ሚስቱ ገና ያልነገረችው አንድ ወሬ አላት።

ባለፈው ሰሞን ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው መጣች። ከአቧራ ጋር የደም ጠላት ናት። እሱ ለገበያ ወጥቶ ሲመለስ ግድግዳው ያብረቀርቃል፤ አርባ ሦስቱም አፋቸው ግጥም ብሏል።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«አጸዳሁልሃ! ይሄ ሁሉ አፉን ከፍቶ እያፈጠጠብኝ እህል ይወርድልኛል?»

«ወላቃዋንም ዘጋሻት?»

«እሷንማ መጀመሪያ! በዚያ ጥርሷ አታፍርም፣ ትስቃለች እንዴ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለውን ተረት እየጠቀሰ በደንበኞቹ ላይ ሲያላግጥ ኖሮ፣ ዛሬ ተራው ደረሰ። የሌሎቹን ልክ በቃሉ ያውቃል፤ ያኛው ሁለት ጣት፣ ይሄኛው አውራ ጣት። የወላቃዋን ግን አንድ ቀን አልለካም፤ መለካት መፈለግ መጀመር መስሎት።

እህቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ወንድምዬ፣ ብረት እኮ ነው።»

«አዎ፣ ብረት ነው» አላት። በማግስቱ አውቶቡስ አሳፍሯት ተመለሰ።

በሩን ዘጋ። ከዚያ የሠላሳ ዓመት ሥራው ትዝ አለው፦ መፍቻ የነከሰው ቧንቧ ላይ የጥርስ ምልክት ይተዋል። ወላቃ ከሆነም ወላቃ ምልክት። ባትሪ አብርቶ በጉልበቱ ዳኸ። ከማድ ቤቱ ሥር የራሱን ንክሻ ብቻ አገኘ። መታጠቢያ ቤትም እንዲሁ።

ግቢ ወጣ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ የግቢው ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ፣ ሁለት ጭረት፣ ባዶ፣ ከዚያ እንደገና ጭረት። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧው ተቧጭሮ አልቋል። መፍቻዋን ገልብጣ ይዛት ስታንሸራትታት ቆይታለች፤ ያዥ እንጂ አዙሪ አልነበረችማ! የመጨረሻው ንክሻ ብቻ በትክክለኛው አቅጣጫ ጠልቋል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ይህ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ እያለ እንቅልፍ ሲነሳው ነበር። በሄደበት ዕለት ጠዋት እንኳ ተነጫንጮባታል፤ «ስመለስ እሠራዋለሁ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ለቅሶ ጠበቀው፤ ጠብታውን ማን ያስታውሳል? ጭጭ አለብኝ እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያማው ዝምታ፣ እሷ ለእሱ የሠራችው ነበር።

ወላቃዋን አምጥቶ ጥርሷን ከምልክቱ ጋር አገናኘ። ቀለበቷን አዞረ፣ አዞረ። ገጠመች። እንደ ባለሙያ ጫን አድርጎ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም።

«ጠብቋል» አለ ጮክ ብሎ።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን በአጥሩ ላይ አወጣች። «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ሥራ እያየሁ ነው።»

«የማንን ሥራ?»

ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ቀልድ ይወረውርላት ነበር። ቀለበቷ እንዳትዞር በሁለት እጁ ይዟት ገባ። ግድግዳው ላይ አርባ ሁለቱ አፋቸውን እንደዘጉ ናቸው፤ አፏን የከፈተችው እሷ ብቻ ሆነች። ሰቅሏት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ከግቢ ምንም አልተሰማም፤ እሱ ግን ያዳምጣል።