ሊቀልጥ የነበረው ሱልጣን

ላገባ ወር ሲቀረኝ እናቴ «ሱልጣኑን ላስቀልጠው ነው» አለች። ሱልጣኑ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አያቴ ከኤደን ወደብ ያመጣችው፣ ጥምጣም የጠመጠመ ሰው ፊት ያለበት የወርቅ ሳንቲም ነው። አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ብላ ቀለበት አስበይዳበታለች። በእኛ በድሬዳዋ ነጋዴዎች ቤት ሙሽራ በአሮጌ ወርቅ አትወጣም፤ ይቀልጥና ጉትቻ ይሆናል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ባመመኝ ቁጥር ሱልጣኑን ጨብጬ ነበር የምተኛው። እሳት ሲገባ እንዴት ዝም ብዬ ልይ?

«እማዬ፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ እንወቅ» ብዬ ነዘነዝኳት።

«ወርቅ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ያለው የጨርቅ ሱቃችን አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ደንበኛ ነበረው፤ በቋንቋው «አቶ» ለማለት ሙሴ እንለዋለን። የጥንት ሳንቲም ይሰበስባል። ለምኜው አጉሊ መነጽሩን ይዞ ሱቃችን መጣ። ላቡን እየጠረገ ጠርዙን መረመረ፤ በመዶሻ የተመታ እንጂ ቀልጦ የፈሰሰ አይደለም አለ። ዙሪያውን ያሉትን ፊደሎች አነበበ። የተበየደችዋን ቀለበት ሲያይማ ፊቱ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ተጨማደደ።

«የሮማ ነው። እውነተኛ፣ ጥሩ ወርቅ» አለ። እኔ ተረጎምኩ።

«አላልኩሽም? እንግዲያማ ጉትቻው ያምራል!» እናቴ አጨበጨበች።

ወይ ጉዴ! ላድነው ብዬ ጭራሽ በገዛ እጄ ለአንጥረኛ አሳልፌ ሰጠሁት።

ሙሴ ግን አልጨረሰም። ሱልጣን የምትሉት ሴት ናት፣ ንግሥት፤ ጥምጣም የመሰላችሁም ተጎንጉኖ አናቷ ላይ የተጠቀለለ ሹሩባዋ ነው፤ አዋቂዎች የሚለዩዋት በሱ ነው አለን።

«ሱብሃነላህ! ይህን ሁሉ ዘመን ሴትዮዋን ሱልጣን ስንላት!» እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ሳንቲሙን ያስመታላት ባሏ ንጉሡ ነው» አለ ሙሴ። «ከሞተች በኋላ፣ እንዳትረሳ ብሎ።»

የእናቴ ሳቅ ቆመ። አባቴ የሞተው እኔ ገና እቅፏ ውስጥ ሳለሁ ነው፤ ስንቱ ሽማግሌ ቢልክባት እሺ አላለችም።

«እስቲ ጠይቂው፤ ከሷ በኋላ አገባ?»

ጠየቅሁት። «አላገባም» አለ።

«ጎሽ!» አለች እናቴ።

ሳንቲሟን ከእጁ ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ወለወለቻት። ከዚያ አንዱን አምባሯን አወለቀችና «አንጥረኛው ይህን ያቅልጥ» አለችኝ።

ሳንቲሟን አንገቴ ላይ ራሷ አሰረችልኝ። «ባልሽ ይህች ማን ናት ብሎ ሲጠይቅሽ፣ አንዲት ሳታስቀሪ ንገሪው።»