ለመብራቱ ሲባል ማን ይነሳል?

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሠራተኞችና ባሏ ብቻ ናቸው ይባላል። ለሌላው የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ሁሉ «እስቲ» ናት። ሊፍቱ ቆሟል ሲሏት «እስቲ» ትላለች። ውኃ ጠፍቷል ሲሏት «እስቲ» ብላ ቧንቧውን ትከፍታለች። ስብሰባው ተሰርዟል ቢሏት እንኳ የአዳራሹን በር ገርበብ አድርጋ ሳታይ ወደ ቢሮዋ አትመለስም።

ነገሩ ከልጅነቷ የመጣ ነው። ያሳደጓት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ቀን ገበያ ደርሰው ሲመለሱ የእግር ስፌት መኪናቸው ብሎን በብሎን ተፈታቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ልጅቷ የላይኛው ክርና የታችኛው ክር የት ላይ እንደሚገናኙ ልታይ ኖሯል። አክስቷ አልቆጧትም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «በፈታሽበት እጅ ግጠሚው» አሏት። ገጠመችው። መኪናው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲሮጥ ቋ ቋ ይላል። ደንበኛ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው «የልጄ ድምፅ ነው» ይላሉ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ የመንገድ መብራት ጥገና ቡድን ገባች። ምሰሶ ላይ መውጣት ትወድ ነበር፤ ከላይ ሆና እያየች የየቤቱ ጣሪያ ላይ ምን እንደተከማቸ ሁሉ ታውቅ ነበር። አንድ ጠዋት መሰላሉ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና ይዟት ወደቀ። የትከሻዋ አጥንት ቢጠገንም ግራ እጇ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ በላይ አልነሳ አለ። ወደ ዕቅድ ክፍል ተዛወረች፤ ወንበር ተሰጣት። ወንበር ሰውን እንደሚያደክም የዚያን ጊዜ ነው ያወቅሁት ትላለች።

የከተማው ምክር ቤት የፍትሐዊነት ፖሊሲ ይዘጋጅ ብሎ ሲወስን ሥራው የወደቀው በዚህ ክፍል ላይ ነበር። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መብራት፣ ውኃ፣ የጎርፍ ቦይ፣ የእግረኛ መንገድ ሲበላሽ የትኛው ሰፈር በምን ሕግ ይቅደም? እስከዚያ ድረስ የሚሠራበት ሕግ የስልክ ሕግ ነበር። ነዋሪ ወደ አቤቱታ ስልኩ ይደውላል፤ ብዙ ጥሪ የመጣበት ሰፈር ይቀድማል። ሠራተኞቹ ለቀልድ «የጮኸ ይቅደም» ይሉታል።

የክፍሉ ኃላፊ የመብራቱን ምዕራፍ ለእስቲ ሰጣት። የሕግ ባለሙያዋ ደግሞ ሐሳቡን ወደ አንቀጽ እንድትለውጥ ከጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱ መጀመሪያ ያዩት የጥሪዎቹን ካርታ ነው። ሰፋፊ መንገድ ያለው አዲሱ ሰፈር አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ይደውላል። ከታችኛው ሰፈር ግን ጥሪ የለም። ባዶ ነው።

ለምን አይደውሉም ብላ እስቲ ቢሮውን ዞራ ጠየቀች። አንዱ ግንዛቤ የላቸውም አላት። ሌላው ተስፋ ቆርጠው ነው አለ። ሦስተኛው፣ ጨለማውን ለምደውታል ሲል በቁም ነገር አስረዳት። ሁሉም መልስ ነበረው፤ የትኛውም አልጣማትም። ነገር ግን የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀርቦ ነበርና የሙያዋን መንገድ ያዘች፤ ጥሪ መቁጠሩን ትታ የጠፋ መብራት ልትቆጥር ተነሳች። ጀምበር ስትጠልቅ ከሾፌር ጋር ከተማውን እየዞረች በካርታ ላይ ምልክት አደረገች። የታችኛው ሰፈር ካርታ በምልክት ጠቆረ። ተመልሳ «ቅድሚያ ብዙ መብራት ለጠፋበት መንገድ ይሰጣል» ብላ ጻፈች። ማን እንደጮኸ አይጠየቅም፤ ምን እንደተበላሸ ብቻ።

ኃላፊው ወደደው። ለምክር ቤቱ ወረቀት ብቻ ከምናቀርብ አንድ መንገድ ላይ ሞክረን እናሳያቸው አለ። መንገዱን የመረጠችው እሷ ናት፤ በታችኛው ሰፈር ያለውን የልብስ ሰፊዎቹን ቀጭን መንገድ፣ አክስቷ የሚሠሩበትን። ምርጫው አድልዎ አልነበረም፣ በካርታው ላይም ከሁሉ የጠቆረው እሱ ነው። ለአክስቷ ግን አልነገረቻቸውም። ደስ ሲላቸው ልታይ ፈልጋ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ባለ ቅርጫቱ መኪና መጣ፤ ከፊቱ ደንብ አስከባሪዎች ነበሩ። መኪናው ቅርጫቱን ከማንሳቱ በፊት አራት የብረት እግሮቹን ግራና ቀኝ መዘርጋት አለበት፤ ሲዘረጋ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይይዘዋል። ስለዚህ የጫማ ሰፊው ሣጥን ተነሳ። የቁልፍ ቀራጩ ጠረጴዛ ተነሳ። ዣንጥላዎች ታጠፉ። የአክስቷ ዳስ ጋ ሲደርሱ ግን ሸራው የታሰረው ራሱ የመብራት ምሰሶው ላይ ሆኖ ተገኘ። የደንብ አስከባሪዎቹ አለቃ በትሕትና ነው የነገራቸው። ምሰሶው የከተማው ነው፣ ከሥሩ ያለው ቦታም የከተማው ነው፤ ዳሱ አንዴ ከፈረሰ ያለ ፈቃድ መልሶ መትከል አይቻልም፤ ፈቃድ ደግሞ ለዚህ መንገድ አይሰጥም።

አክስቷ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ «ማን ጠራችሁ?» አሉ።

የጥገናው ቡድን መሪ የእስቲ የድሮ ባልደረባ ነው። መዋሸት አልቻለበትም፤ ከመኪናው ጎን ወደቆመችው እስቲ በአገጩ ጠቆመ። አክስቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ?»

«እትዬ፣ መብራት ሊሠሩልዎት እኮ ነው።»

«የኔ መሐንዲስ፣ የምሰፋበት ከሌለኝ መብራቱ ምኔን ያበራል?»

እስቲ ቡድኑን አቁሙ አለች። ስልክ ተደወለ፤ ኃላፊው ሙከራው ይቆይ አለ። የደንብ አስከባሪዎቹ አለቃ ግን ሲሄድ እውነቱን ነገራት፦ ፖሊሲው እንደተጻፈው ከጸደቀ ይህ መንገድ አንደኛ ነው፤ ያን ጊዜ ቁሙ የሚለን የለም። በገዛ እጇ የጻፈችው አንቀጽ የአክስቷን ቦታ ሊነቅል ቀን እየጠበቀ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አቀርቅሮ ይሄድ ነበር። እሷ የደንበኛ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ቢሮ ውስጥ መልስ ያጣችለትን ጥያቄ እዚያው ጠየቀች፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጨለማ ውስጥ ስትሠሩ ለምን አንድ ሰው እንኳ አልደወለም?

መንገዱ ሳቀ። የነገራት ጫማ ሰፊው ነው፤ ሣጥኑን ወደ ቦታው እየጎተተ። ከዓመታት በፊት ቁልፍ ቀራጩ ደውሎ ነበር። መኪናው በማግሥቱ መጣ፣ መብራቱም ተሠራ፣ ሥራውም ያማረ ነበር። ዕቃቸውን ካነሱት መሀል ግን ሦስቱ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ አንደኛው የቁልፍ ቀራጩ ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳይደውል ተስማሙ። አምፖል ሲቃጠል እያንዳንዱ ከጀርባው ካለው ሱቅ ገመድ ስቦ የራሱን ቢጫ አምፖል ያንጠለጥላል።

«ስልኩን በቃላችን እናውቀዋለን» አሉ አክስቷ። «ዝም አይነቅዝም ብለን ነው እንጂ።»

እስቲ ይህን ስትሰማ ፊቷ የተዘጋ ሣጥን እንደተከፈተለት ሰው በራ። ዝምታው አለማወቅ አልነበረም፤ ተስፋ መቁረጥም አልነበረም። ተመክሮበት የተወሰነ ውሳኔ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ተከተለ። መኪናው ለምን ይመጣል? እሷ በሠራችበት ዘመን እንዲህ ያለ መንገድ በመሰላል ነበር የሚሠራው።

መልሱን ፍለጋ ወደ ሥራ ደኅንነት ሹሙ ሄደች። ሹሙ ጡረታቸው የቀረበ፣ በራሳቸው ቢሮ ውስጥ እንኳ የራስ ቁር ከጠረጴዛቸው የማይለይ ሰው ናቸው። መሰላል ከተከለከለ ቆይቷል አሏት። መቼ ብትላቸው ትከሻዋን አዩት።

«መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስጻፈኝ ግን ያንቺ ትከሻ ነው።»

 መመሪያው ትክክል ነበር፤ ከእሷ ወዲህ ከምሰሶ የወደቀ ሰው የለም። እሷን ያየ መመሪያ ግን ያንን ቀጭን መንገድ አላየም፤ መኪና በማይበቃው ቦታ ሁሉ መብራትና ሰው እንዲጋፉ አድርጓል። ይህን ስትነግራቸው ሹሙ ተቆጡ። ለአክስትሽ ዳስ ብዬ የሌላ ሰው ልጅ አልሰብርም አሉ።

«መሰላሉን መልሱ አላልኩም፣ ጋሼ። እኔም አልወጣበትም። በመኪናና በመሰላል መካከል ሌላ ነገር የለም ወይ ነው የምለው። እስቲ ግምጃ ቤቱን እንየው።»

እያጉረመረሙ ተከተሏት። ግምጃ ቤቱ ጥግ ላይ የአዳራሹን ጣሪያ ለማስቀባት የተገዛ ባለ ጎማ የብረት መወጣጫ ቆሞ ነበር፤ ቀለም የተንጠባጠበበት፣ ወርዱ ከበር የማይሰፋ። ሹሙ ነቀነቁት። ጎማው ጠፍጣፋ መሬት ይፈልጋል፣ እዚያ ያለው ድንጋይ ነው አሉ። ከሥሩ ጣውላ ቢነጠፍስ አለች። ማሰሪያ ቀበቶና ከታች የሚይዙ ሁለት ሰዎችም ያስፈልጋሉ አሉ። ይሁን አለች። በማግሥቱ ሹሙ ራሳቸው ሜትር ይዘው ወደ መንገዱ ወረዱ፤ ለኩ፣ ጣውላ አነጠፉ፣ መወጣጫው ላይ ወጥተው ዘለሉበት። ጫማ ሰፊው «ሽማግሌው ምን ሆነዋል?» ብሎ ጠየቀ። ሹሙ ሲወርዱ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ይሄ መወጣጫ ሰው አይጥልም አሉ።

እስቲ ነገሩ አለቀ ብላ ነበር። ያስቆመቻት የሕግ ባለሙያዋ ናት። መወጣጫው መብራትን ያድናል፤ የጎርፍ ቦይ ሲቆፈርስ? የውኃ መስመር ሲቀየርስ? ያን ጊዜ የሚነሱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። «ሥራው ለማን እንደሚደርስ ጽፈናል» አለቻት፤ «ለሥራው ሲባል ማን እንደሚነሳ ግን አልጻፍንም።»

አብረው ጻፉት። ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት በሥራው ምክንያት ከቦታው የሚነሳ ሰው ካለ አስቀድሞ ይጠየቅ። ሰው የማያስነሳ መሣሪያ ካለ እሱ ይቅደም። መነሳቱ ግድ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለስ። ኃላፊው አንብቦ ራሱን አከከ። የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ደንብ አስከባሪዎችን ከእኛ ጋር ታጣላለች አለ። ቢሆንም አላወጣትም፤ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ የተከራከረላትም እሱ ነው።

በዚያ ሳምንት እስቲ ሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ አክስቷ ትሄድ ነበር። አክስቷ ስለ ፖሊሲው ስትነግራቸው ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ። ሸራውን የሚፈቱበትን ቀን ግን ይጠይቋት ነበር፤ ቀድመው የስፌት መኪናቸውን የሚያስቀምጥላቸው ሰው ሊለምኑ። ሸራው ሲፈታ የት እንደሚሠሩ ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

ምክር ቤቱ አንቀጹን ለሙከራ አጸደቀው፤ ከፊሉን ግን ቆርጦ። ወደ ቦታው የሚመለሰው ከዓመት በላይ የቆየ ሰው ብቻ ይሁን ተባለ። አክስቷ ከምሰሶው በፊት የተተከሉ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እሳቸውን አይነካም። አጠገባቸው በቅርቡ የመጣው የስልክ ሽፋን ሻጭ ግን ይነካዋል። እስቲ ይህን ሰምታ፣ ደስ ብሏት ሳለ፣ ለምን ዓመት ሆነ፣ ማን መረጠው ብላ የሕግ ባለሙያዋን ነዘነዘቻት። ባለሙያዋም እንደማታውቅ ነገረቻት፤ ሁለቱ እስካሁን እየጠየቁ ናቸው።

መወጣጫው የገባ ቀን ማንም አልተነሳም። የስልክ ሽፋን ሻጩ እንኳ ጠረጴዛውን ጠጋ ማድረግ ብቻ በቃው። አክስቷ የራሳቸውን ወንበር አንስተው ግድግዳ ሥር ቆሙ፤ ሸራው እንደታሰረ ቀረ። ሹሙ ከታች የመወጣጫውን አንድ እግር ይዘው የወጣውን ልጅ ቀበቶህን፣ ቀበቶህን ይሉታል። አመሻሽ ላይ ነጭ ብርሃን በመንገዱ ላይ ወረደ፤ ሱቆቹ ቢጫ አምፖሎቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ።

አክስቷ ወደ መኪናቸው ተመልሰው የጀመሩትን ኮት አነሱ። አዩት። ወደ ብርሃኑ አቅርበው እንደገና አዩት። ከዚያ የክር ሣጥናቸውን ከፍተው ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያዙ።

«ይሄ ጥቁር አልነበረም እንዴ?»

«ሰማያዊ ነው፣ እትዬ» አለች እስቲ፣ አጎንብሳ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ጥቁር ነው።»

አክስቷ ሁለቱን ጥቅሎች ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በዚያ ቢጫ አምፖል ሥር ስንት ጥቁር ኮት በሰማያዊ ክር እንደሰፉ፣ ባለቤቶቹ አይተው ይሁን ሳያዩ፣ አይተውስ ለምን ዝም እንዳሉ እያሰቡ ነበር። ጫማ ሰፊው ከወዲያ ማዶ ሱሪውን ገልብጦ ስፌቱን መመርመር ጀመረ።

«በይ ቁጭ በይ» አሉ አክስቷ፣ ኮቱንና መቀሱን ጉልበቷ ላይ እየጣሉ። «ከእጅጌው ጀምረሽ ፍቺልኝ። ጨርቁን እንዳትነኪው።»