ወንድሜ ኮከብ ላይ ያቀናው አገር

ልጆቹ ናቸው ያስጀመሩኝ። ትልቁ የልጅ ልጄ መጽሐፍ ይጽፋል። ሳይንስ ፊክሽን ነው የሚለው፤ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ራሱ በቦርሳ ተሸክሞ እየዞረ ይሸጣል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ከእህቶቹ ጋር ሲከራከር፣ «ከሁሉ የሚከብደው አንባቢ የሚያምነውን ዓለም መፍጠር ነው» አለ። እኔ ሳላስበው፣ «ማመኑስ ባልከበደ፤ ካመኑ በኋላ ነው ጉዱ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝና፣ «እማምዬ፣ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ስነግራቸው ደግሞ «ጻፊው» አሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከቡራዩ ትዳሬ ፈርሶ ሱሉልታ አባቴ ቤት የተመለስኩ ሰሞን። የቡራዩው ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱ ናት እንጂ... ይቅር፣ እሷም ሞታለች።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የእርሳስ ፊደላትን ከሳጥን አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ የሚደረድር ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣር ሊጭን በሚመጣ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ ጣቶቹ ጥቁር፣ ብብቱ ሥር ደብተር። ደብተሩ ውስጥ አገር ነበረ። ኮከብ ላይ ያለ አገር፤ ሰዎች በናስ መርከብ ሄደው የሰፈሩበት።

እኔ በቅል ወተት ስገፋ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያነብልኛል። መጀመሪያ የነበረችው መርከቧ ብቻ ናት፤ መዘውር፣ እሳት፣ ጭስ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። ሴቶቹ ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?»

«የምን ውሃ?»

«ሰው ሰፍሯል አላልክም? ሊቦካ ነው፣ ልጅ ሊታጠብ ነው።»

«አንቺ ሴት! ሰማይ የሚያህል ነገር ሳነብልሽ ስለ እንስራ ታወሪኛለሽ?» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ምሳውን እንኳ በቅጡ አልበላም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ገና ሳይቀመጥ፣ «እሺ፣ ምንጭ ስጪኝ» አለ።

ሰጠሁት። ከየት አመጣለሁ? የማውቀውን ነው የሰጠሁት፣ የጎረቤታችንን የሽማግሌውን ምንጭ። ከጓሯቸው ኮሶ ዛፍ ሥር ይፈልቃል፤ ሦስት መርገጫ ድንጋይ አለው፤ የመሃሉ ያዳልጣል። ስንት እንስራ ሰብሬበታለሁ! ወንድሜ እንዳለ ጻፈው። ከዚያ በኋላ መጠየቄን አልተውኩም። ምን ይነዳል? ክረምት ሲገባ ጭቃው ምን ዓይነት ነው? ሰው ሲሞት ማን ይቀብራል? እድር ኮከብ ላይ ተቋቋመ። አንድ ቀን ደግሞ፣

«መሬቱስ የማን ነው?» አልኩት።

ደብተሩን ገልጦ፣ «የሚያርሰው» አለ።

«ታዲያ ባለመሬቱ ምን ይበላል?»

«እሱም ያርሳል።»

በሳቅ ቅሉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እሱ አልሳቀም፤ ጻፈው።

ሌላም ያደረግኩት ነገር አለ። መጽሐፉ ሲጀምር «ተረት ተረት» ይል ነበር። «አውጣው፤ ያን የሰማ ሰው እንቅልፉ ነው የሚመጣው» አልኩት። አወጣው። ምናለ ምላሴ ተሳስሮ በቀረ!

ሳንሱር የወሰደው ቀን እናታችን ስለት ተሳለች። ሹሙ ስለ መሬቱ የተጻፈውን አንብበው፣ «ኮከብ ላይ ላለ መሬት እኛ ምን አገባን?» ብለው ማኅተም መቱበት። ወንድሜ ደስታው ልክ አጣ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በእረፍት ቀን በማተሚያ መኪናው እንዲሠራ ፈቀዱለት፤ እሱም «ታይቶ ተፈቅዷል» የሚለውን ቤቱ ውስጥ ባለው ትልቁ ፊደል ለቅሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አኖረው።

አዲስ አበባ የሚገዛው ጠፋ። ስለዚህ በገበያ ቀን ሱሉልታ አመጣውና ከጨው ነጋዴው ሱቅ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። እንግዲህ በእኛ አገር ተረት ተቀምጠው ነው የሚያወሩት፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ሰሚው ይመልሳል፤ ያኔ ተረት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ገበያ መሃል ቆሞ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን የሚያነበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዋጅ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንድሜ ለመጽሐፉ ክብር የሰጡት መስሎት ድምፁን ጨመረ።

«መሬቱም የሚያርሰው ሰው ነው» ሲል ሰዉ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ።

ነጋዴው ሐጂ ናቸው ከሱቃቸው ሆነው፣ «ወላሂ፣ እዚያ ጨው የሚሸጥ ከሌለ እኔን አስቀድሙኝ!» ያሉት። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ሳቀ፤ ገባውም። ጎረቤታችን ሽማግሌው ግን ሳይስቁ፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሳቸው ጭሰኛ ነበሩ። ባለመሬቱ በዚያ ዓመት መሬቱን ሊያጥር፣ ሣርና የወተት ላም ሊያደርግበት ነው ተብሎ፣ ሰብሉን ሰብስበው እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው፤ አማላጅ ሽማግሌ ይዘው፣ በግ ጎትተው ሄደው እግር ላይ ይወድቃሉ፤ ለአንድ ዓመት ምሕረት ያገኛሉ። በጉም ታስሮ፣ ሽማግሌዎቹም ለሐሙስ ተቀጥረው ነበር።

በማግሥቱ ደጃችን መጥተው ተቀመጡ።

«ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወንድምሽ ያነበበው አገር፣ ምዝገባው የት ነው?»

«ኦቦ፣ ተረት እኮ ነው።»

«ማኅተም አለው።»

«ማኅተሙ መጽሐፉ ይታተም ብሎ ነው እንጂ...»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«ማንበብ መች እችላለሁ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?» ፈገግ አሉ። «ምንጩ፣ የመሃሉ ድንጋይ ያዳልጣል ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ጥሩ። እየተጠነቀቅን እንቀዳለና።»

ምንጩ የአንቱ ነው፣ እኔ ነኝ ያወራሁት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ «ደከማችሁ፤ እኔ የምሄድበት አገር አለኝ» ብለው መለሷቸው። በጉን ፈትተው ለቀቁት። ወደ ሚስታቸው ሮጥኩ። «እማማ፣ እባክዎ ይንገሯቸው!» ስላቸው፣ ጎመን ከመቀንጠስ ቀና ሳይሉ፣ «ተያቸው ልጄ» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ወንድሜ ሲመጣ ነገርኩት። አብረን ሄድን፤ ደጃቸው ላይ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ ከራሴ ያመጣሁት። አገሩ የለም። በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ በጉን ይዘው ይሂዱ።»

በክንዱ ይዘው አነሱት። «ደብቅ ተብለህ ይሆናል፤ አልቀየምህም። ደግሞ ጥሩ አገር ነው የሠራኸው። እኔ ብሆን ሣሩን ትንሽ እጨምርበት ነበር።»

ወንድሜ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለምኖ፣ ያለ ባለጉዳዩ፣ አዲስ አበባ ባለመሬቱ በር ድረስ ይዟቸው ሄደ። ዘበኛው «ጌቶች የሉም» አለ። በማግሥቱም «የሉም» አለ። በሦስተኛው ቀን፣ «ራሱ ላልመጣ ሰው እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ተባሉ።

ሰብሉ ተሰበሰበ። ሁለቱ አሮጊትና ሽማግሌ ዕቃቸውን አንድ አህያ ላይ ጫኑ፤ ብዙም አልነበረም። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። «እንግዲህ ደህና ሁኚ» አሉኝ፣ ለገበያ እንደሚሄድ ሰው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጡ፤ አህያዋ ዳገቱ ላይ አንዴ ቆመችና እንደገና ሄደች። ወዲያው የሽቦ አጥር መጣ። ምንጩ ከአጥሩ ውስጥ ቀረ፤ እኛም ውሃ ከሩቁ ወንዝ መቅዳት ጀመርን።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፈም። የቀሩትን መጻሕፍት ለጨው ነጋዴው ሰጣቸው። ዓመቱን ሙሉ ጨውና ስኳር የምንገዛው በኮከቡ ተጠቅልሎ ነበር። ከመጠቅለያው ላይ የትኛው ገጽ እንደሆነ እንዳላውቅ ያኔ አለመማሬ በጀኝ።

ሁለተኛ ባል አግብቼ ሰበታ ገባሁ፤ ወለድኩ፤ ዘመንም ተለወጠ። ወንድሜ ያን ሸክም እንደተሸከመ ሞተ። እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ፉሪ ለቅሶ ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ድምፄን ሰምተው እጄን ያዙኝ። የሽማግሌው ሚስት ነበሩ። እዚያው ፉሪ ዳገቱ ላይ ትንሽ ጎጆ ሠርተው፣ ባላቸው እንጨት እየፈለጡ ኖረው እዚያው እንደተቀበሩ ነገሩኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ ያ መጽሐፍ፣ ያ ወንድሜ፣ ያ ምላሴ አልኩ።

«የምን ይቅርታ?» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «ከገበያ የተመለሱ ዕለት፣ በሩን ሳያልፉ ነው 'አንቺ፣ ምንጫችንን ኮከብ ላይ አወጡልን እኮ!' ብለው ሲስቁ የነበሩት።»

«ያውቁ ነበር?»

«ምን ነካሽ፣ ሰው የገዛ ምንጩን ያጣዋል? በግ እየጎተቱ እዚያ ባለመሬት እግር ላይ ስንቴ ወደቁ መሰለሽ። በዚያ ዓመት ጉልበታቸው እንቢ አለ፤ ለሽማግሌዎቹ የሚሉት ነገር ብቻ ነበር ያጡት፤ እሱን ወንድምሽ ሰጣቸው።»