መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደበዝዝ

ማክሰኞ ዕለት ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአንዲት ትንሽ የደሴቶች አገር፣ የዋናው ደሴት የናፍጣ ሞተር ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ። እኔ ለዘገባ እዚያ ነበርኩ። አገሪቱ ቀድሞ ኃይል የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከናፍጣ ብቻ ነበር፤ አሁን ዋናው ደሴት ከነፋስና ከፀሐይ ያመነጫል፣ የተረፈውን በባትሪ ያጠራቅማል፣ በናፍጣ የሚሠሩት ራቅ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ብቻ ናቸው። ሞተሩን ያጠፋው ሰው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሲጨብጠኝ፣ ከቱታው የጋለ ብረትና የናፍጣ ሽታ መጣ። የአባቴ ሽታ ነበር።

አባቴ የደባርቅ መብራት ሞተረኛ ነበር። ከተማዋ መብራት የምታገኘው ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ አባቴ ቀን ሞተሩን ሲያጸዳና ሲጠግን ውሎ፣ ማታ አስነሥቶ እስኪያጠፋው ድረስ ከአጠገቡ አይለይም ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየችም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ቤት የምቀመጠው ብቻዬን ነበር። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከስሜን ተራሮች ወርዶ፣ መንገዱን ሸፍኖ፣ እስከ በራችን ይመጣና የጎረቤት ድምፅ እንኳ ይርቀኝ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፤ እሱ እስከተሰማኝ ድረስ አባቴ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ከማጥፋቱ በፊት ሰው ኩራዙን እንዲለኩስ፣ ነዳጁን ቀነስ መለስ እያደረገ፣ አምፖሉ ሁሉ ፍም መስሎ እስኪቀላ ድረስ መብራቱን ሁለት ጊዜ ያደበዝዘው ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛው ግን የእኔ ነበር፤ «መጣሁ፣ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ» ማለቱ ነው። ነገሩን የማያውቁት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «ይሄ ሞተርህ ሳል ይዞታል መሰለኝ፣ ፌጦ አጠጣው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «እሺ እትዬ፣ ነገ አጠጣዋለሁ» ይላቸውና ወደ እኔ ሳያይ ያልፍ ነበር።

በበጋ፣ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ባዶ ሲሆን፣ ከጎንደር በኩል የመብራት ምሰሶ እየተተከለ መምጣት ጀመረ። ከሩቅ ግድብ የሚመጣ የውኃ መብራት ነው፣ ናፍጣ አይፈልግም፣ ሃያ አራት ሰዓት አይጠፋም ተባለ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሞተር ከሌለ አባቴ ማታ ቤት ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ፣ ከአውቶቡስ የሚወርዱትን ሰዎች ምሰሶው የት እንደደረሰ እጠይቅ ነበር። አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳቱ «ዳባትን አልፏል። አንቺን ምን አስቸኮለሽ? ያባትሽን እንጀራ እኮ ነው የሚበላው» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መብራቱ የገባ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ያን ማታ ቤት ነበር። ራታችንን በልተን ስናበቃ የሚያደርገው ጠፋው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ አምፖሉን አንጋጦ አየ፣ ምንም አልሆነም፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ከዚያ በላይ የምፈልገው አልነበረም።

መጋቢት ላይ ሞተሩ ወደ መካነ ብርሃን እንዲዛወር ታዘዘ፣ ሞተረኛውም አብሮ። ወደዚያ የሚወስደው የጃናሞራ መንገድ በክረምት ይዘጋል፣ እኔም ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ ስለዚህ እትዬ ብርቄ ዘንድ ቀረሁ። ሞተሩን ጭነት መኪናው ላይ አስረው ሲጨርሱ አባቴ ጎንበስ ብሎ «ለእነሱም የውኃ መብራት ሲገባላቸው እመጣለሁ» አለኝ።

«እዚያ ሦስተኛውን ለማን ታደርጋለህ?»

«እጄ ለምዷል ልጄ፣ ዝም ብሎ ያደርገዋል።»

በቀጣዩ ክረምት ጉሙ እንደ ልማዱ መጣ፣ ሞተሩ ግን አይሰማም ነበር። የእትዬ ብርቄ አምፖል እኩል ይበራል፤ እኔ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቀና ብዬ አየው ነበር። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ሲከፈት፣ ከጃናሞራ በግ ይዘው ለገበያ የሚመጡትን ሰዎች፣ መብራታቸው ከመጥፋቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚደበዝዝ እጠይቃቸው ነበር። «ሦስት» ይሉኛል። ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቼ ስለማላምን፣ ሌላ ሰው ፈልጌ እጠይቅ ነበር። በኋላ እዚያም የውኃ መብራት ሲገባ ሞተሩ እንደገና ተጫነ፣ አባቴም ተከትሎት ወደ ቆላ ወረደ። ጡረታ ወጥቶ ደባርቅ ሲመለስ እኔ ከከተማዋ ወጥቼ ነበር።

ያን ማክሰኞ ከደሴቱ ደወልኩለትና ሞተሩ መቆሙን ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ ጭሱ ይቀርላቸዋል» አለ። ቀጥሎም «ሞተረኛውንስ የት ላኩት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የዛሬው የነፋስ መብራት እንደዚያን ጊዜው የውኃ መብራት ከናፍጣ ይሻላል፣ ይህንንም ጽፌያለሁ። በልጅነቴ የምጠይቀው ምሰሶው የት እንደደረሰ ነበር፤ በደሴቱም የጠየቅሁት ስለ ነፋሱና ስለ ባትሪው ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ሞተሩን ያጠፋውን ሰውዬ ወዴት እንደሚላክ ጠየቅሁት። ሞተር ገና ወዳለበት ራቅ ያለ ደሴት እንደተመደበ፣ ሚስቱና ልጆቹም ለትምህርት ሲባል ዋናው ደሴት ላይ እንደሚቆዩ ነገረኝ። ወደዚያ የምትሄደው ጀልባ ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣች። እሱም ተሳፍሮ ነበር።