በጽዮን የታጠበ ነጭ ቀሚስ

ስሜን ያጠፋችው አክስቴ እትዬ የሺመቤት ናት። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ነበር፤ ቦታው ነፋስ ስልክ፣ የጭቃው መንገድ መጨረሻ ላይ የነበረው ባለ ቆርቆሮ አጥሩ ግቢ። በሕይወት እያለች "አንቱ" እያልኳት ነው የኖርኩት። ዛሬ "እሷ" ብዬ እጽፋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ልጄ ሶስና ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤታችን፣ ያጥባልም ያደርቃልም የተባለ ማሽን ገዝታ አስገብታለች። ማጠቡን ያጥባል፤ አልዋሽም። ማድረቁ ነው ያቃተው። ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ቆይቶ በሩ ሲከፈት ልብሱ እንደ ተቀቀለ ጎመን እርስ በርሱ ተጠምጥሞ፣ ትኩስም እርጥብም ሆኖ ይወጣል። ሶስና መመሪያውን አገላብጣ "ለማድረቅ ግማሹን ማውጣት ነው የሚለው፣ እማዬ" አለችኝ። ግማሹን አወጣን። የቀረውም አልደረቀም። እንዲህ ያለ ልብስ ጥቂት ሲቆይ የሚያመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ። እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ባሸተትኩት ቁጥር አንገቴን ያስደፋኛል።

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ልብስ የሚያጥበው ቅዳሜ ነበር። ከየግቢው የሳሙና ውሃ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ገመዱ ሁሉ ይሞላል፤ እኛ ልጆች በተሰጡት አንሶላዎች መካከል እየተሹለከለክን እንባረራለን። ፀሐይ የመታው አንሶላ ፊት ላይ ሲያርፍ ያለው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ማን አንሶላ እንዳለው፣ የማን ሸሚዝ ኮሌታው እንደተገለበጠ የሚታወቀው በገመዱ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ደህናውን ልብስ ወደ መንገድ፣ የተጣፈውን ወደ ጓሮ ነበር የሚያሰጡት። የኔ ልብስ ሁልጊዜ ጓሮ ነው። ጓሮው ደግሞ ፀሐይ አያገኝም።

እዚያ ቤት የገባሁት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ማዶ ካለው አገራችን አምጥታ ለአባቴ እህት ለእትዬ የሺመቤት "ትማርልኝ" ብላ ሰጠችኝ። እየተማርኩ እላላክ ነበር፤ በዚያ ቅር አላለኝም፤ የዘመኔ ልጆች ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲያ ነው። አክስቴ አልማዝ የምትባል፣ በአንድ ዓመት የምታንሰኝ ልጅ ነበረቻት። አልማዝ ነጭ ቀሚስ ነበራት፤ ደረቱ ላይ ዳንቴል ያለው።

የዚያን ዓመት ጽዮን ማግስት አክስቴ ከአልማዝ ጋር ክርስትና ተጠርታ ነበር። አልማዝ ደግሞ ቀሚሱ ላይ ወጥ ደፍታበታለች። አክስቴ ይህን ያየችው በበዓሉ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። አልጮኸችም። "ዘኑ፣ ነይ እስቲ" አለችኝ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ እሷ ስትለሰልስ ነበር የምፈራት። ማድቤት አስገብታ በሩን ዘጋችና ሳፋውን አቀረበችልኝ።

"ውሃውን አታንቦጫርቂ። ጎረቤት እንዳይሰማ።"

"እትዬ፣ ዛሬ ጽዮን ናት እኮ" አልኩ።

"አንቺ ልትነግሪኝ ነው? እጠቢ ስልሽ እጠቢ። ኃጢአቱ በኔ ነው።"

አጠብኩ። ድምፅ ሳያሰሙ ልብስ ማሸት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። እጅ እንደለመደው ሸርተት፣ ሸርተት ሊል ይፈልጋል፤ እኔ ግን ቀሚሱን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ እንደ ሕፃን ቀስ እያልኩ ነበር የማሸው። ከሆዴ እስከ ጉልበቴ ራስኩ። ስጨርስ ውጭ ማስጣት ስለማይቻል ከምድጃው በላይ ካለው ሽቦ ላይ ሰቀልኩት። እዚያም ጭስ እየጠጣ ይንጠባጠብ ጀመር።

እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን፤ ደግ ሴት፣ ግን ሳያንኳኩ የሚገቡ። ከማኅበር ጸበል ጻዲቅ ይዘውልን መጡና ሰሐን ፍለጋ ቀጥታ ማድቤቱን ከፈቱ። እርጥቡ እጅጌ ግንባራቸውን መታቸው።

"በስመ አብ!" አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ እየሰበሰቡ። "የሺ! ምንድን ነው ይሄ? በጽዮን? በእናታችን ቀን?"

አክስቴ ከኋላቸው ደርሳ ቆማ ነበር። ዓይኔን አየችኝ። እኔም አየኋት። "ኃጢአቱ በኔ ነው" ያለችኝ ገና ጠዋት ነው።

"ወይኔ እማማ ጥሩዬ፣ ምን ላድርግ ይላሉ?" አለች። "የሰው ልጅ ማሳደግ እኮ ዕዳ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አጥባ ሰቅላ አገኘኋት። እናቷ በዓል መለየት እንኳ ሳታስተምራት ነው የላከችልኝ።"

እማማ ጥሩነሽ የራሰ ልብሴን አዩ፤ ውሃ ያጨማደደው ጣቴን አዩ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም። "አይ ልጄ፣ ምን ዓይነት ሰው ቢያሳድግሽ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዱላ ይልቅ ያ ቃል ነው የተሰማኝ፤ ያሳደገችኝ እናቴ ነበረቻ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ብናገር በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ተጭኜ ወደ አገሬ እንደምመለስ፣ ትምህርቱም በዚያው እንደሚያበቃ አውቅ ነበር። አክስቴም ይህን ታውቅ ነበር።

ለቤትም ለትምህርት ቤትም የነበረችኝ ያቺው ላዬ ላይ የራሰችው አንዲት ቀሚስ ነበረች። ሌሊቱን ለብሻት አደርኩ፤ አልደረቀችም። ጠዋት ክፍል ስገባ ጭስና ሻጋታ እሸት ነበር፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ዳር ተንፏቀቀች። ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። በዕረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ተራዬን ልይዝ ብሄድ አንዷ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። "አንቺ በዓልና ሥራ ቀን አትለዪ፣ ሰኞና ማክሰኞን በምን ትለያለሽ?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ቀልድ ነበር። በእኔ ላይ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር። ዓመቱ እስኪያልቅ "የጽዮን አጣቢ" ነበር ስሜ።

ይህን ሁሉ መርሳት እችል ነበር። እናቴ ባትሰማ ኖሮ።

እናቴ በየወሩ በሃያ አንደኛው ቀን፣ በማርያም፣ ከወንዝ ውሃ እንኳ የማትቀዳ ሴት ነበረች፤ በዋዜማው ቀድታ ታሳድራለች። "መልካም ስም ከመልካም ሽቱ ይበልጣል" ትል ነበር፤ ሽቱ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ ባታውቅም። ከጥምቀት በኋላ በሶና ቆሎ ቋጥራ ልትጠይቀኝ መጣች። ግቢው ሳትገባ ጎረቤቶች በር ላይ አግኝተው ነግረዋታል። ማታ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ ከኋላዬ ሆና፣ "ልጄ፣ እውነት በጽዮን አጥበሻል?" አለችኝ።

የአክስቴ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ሥር ጥላዋ ይታየኝ ነበር።

"አዎ" አልኩ።

እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች፤ ሹሩባውን እስከ ጫፉ ጨረሰችው። በማግስቱ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ ጉልበቷና ግንባሯ አፈር ነበር። ስለ እኔ ስትሰግድ ነው ያረፈደችው። አክስቴም ቁርስ አቀረበችላት፤ "ልጅ ናት፣ እመቤታችን ይቅር ትላታለች" ብላም አጽናናቻት። እናቴ እጇን ስማ አመሰገነቻት። በሚቀጥለው ክረምት ታማ ሞተች። እንደዚያ እንዳመነች።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። በቀደም፣ አስተርእዮ ማርያም እሁድ በዋለበት ሳምንት፣ ሶስና ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን ጨምራ ማሽኑን አስነሳችው። በመሐል መብራት ጠፋ። በሩ ተቆልፎ፣ ልብሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ አደረ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ መብራት መጥቶ ማሽኑ ማንም ሳያዘው ካቆመበት ቀጥሏል። ማጠቡን ጨረሰ፤ ማድረቁን እንደ ልማዱ ሳይጨርስ ጨረስኩ አለ። ከልብሱ መካከል የልጅ ልጄ የማኅሌት ዩኒፎርም አለበት፤ ያለቻት ደግሞ አንድ ናት፤ ሌላዋ አጥራታለች። ሶስና ልብሱን አቅፋ ወደ በረንዳ ስትሄድ በሩ ላይ ቆምኩባት።

"ዛሬ ማርያም ናት። በረንዳ ላይ አይሰጣም።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ እጄን አላስነካሁም፤ ማሽኑ ነው ያጠበው።"

"ለጎረቤት ወርደሽ ይህንኑ ታስረጃለሽ?"

"ነገ ማኅሌት ምን ለብሳ ትሂድ?"

"ቤት ውስጥ ይደርቃል" አልኩ። በየወንበሩ፣ በየበሩ፣ በየመስኮቱ እጀታ ላይ አንጠለጠልነው፤ መጋረጃውንም ዘጋሁ። ቤቱ ወዲያው ያንን ሽታ ሸተተ። እመቤታችንን ፈርቼ አልነበረም። ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ፈርቼ ነው። እርጥብ ልብስ ከሰው ዓይን የሚደብቅ ሰው እኔ ሆንኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በገዛ ቤቴ። መጋረጃውን የያዘ እጄን ሳየው አፈርኩ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። አልማዝ ነበረች፤ ከጀሞ በታክሲ፣ ከነነጠላዋ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጣች። እትዬ የሺመቤት ከሞተች ሳምንታት ሆኗታል፤ ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሜ ተመልሻለሁ። አልማዝ የመጣችው አርባዋን ልትነግረኝ ነው። ገብታ እርጥብ ሸሚዝ ከተሰቀለበት ወንበር አጠገብ ተቀመጠች፤ አሸተተች፤ ዙሪያውን አየች፤ ሳቀች።

"አይ ዘኑ! ዛሬም በማርያም?" ወደ ማኅሌት ዞረች። "አያትሽ ድሮም ልማዷ ነው። በልጅነቷ በጽዮን አጥባ እናቴን በሰፈር አሳፍራታለች።"

ማኅሌት አሥር ዓመቷ ነው። መጽሐፏን አስቀምጣ አየችኝ። "እማምዬ፣ እውነት በጽዮን አጥበሻል?" አለችኝ።

እናቴ የጠየቀችኝን ነው የጠየቀችኝ፤ ያንኑ ቃል። አሁን ከበር ኋላ የቆመ ሰው የለም። ወደ አገሬ የሚመልሰኝም የለም።

"አዎ፣ አጥቤያለሁ" አልኳት። "ያዘዘችኝ የዚህች እናት ናት። ቀሚሱ የራሷ የአልማዝ ነበር። ሰው ሲያይባት በእኔ አሳበበች፤ እናቴንም ሰደበች። እናቴ ያን ውሸት አምና ሞተች።"

ሶስና ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልማዝ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጣጠፈች።

"አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። "በበሩ ቀዳዳ አይ ነበር።"

"ታዲያ አሁን ለልጄ ልጅ እየሳቅሽ የነገርሻት ምንድን ነው?"

"እማዬ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታወራው፣ ዘኑ። ስሰማው፣ ስሰማው ለመደብኝ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በቃ፣ ሞታለች እኮ። ሙት ወቃሽ አንሁን። አርባዋ ላይ አትቅሪብኝ።"

ሶስና ሻይ አፈላችላት፤ ግማሹን ጠጥታ ሄደች።

የዱሮውን ጊዜ ሳስብ ብዙ የሚናፍቀኝ ነገር አለ፤ የቅዳሜው ገመድ፣ የአንሶላው ሽታ፣ ፀሐይ ሳትከፍሉ የምታደርቀው ልብስ። ዛሬ ማሽን አለን፣ የሚያጥብልን፣ አደርቃለሁ ብሎ የማያደርቅ። ዱሮ ማድቤት እንሸሽግ የነበረውን ዛሬ በመጋረጃ እንሸሽጋለን። ትዝታውን ላጣፍጠው ብል እችል ነበር፤ ግን ሹሩባዬ ላይ የቆመው የእናቴ እጅ አይፈቅድልኝም።

አልማዝ እንደወጣች መጋረጃውን ከፈትኩ። ልብሱን ከየወንበሩ ሰብስቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁት፤ ዩኒፎርሟን ከፊት፣ በመንገዱ በኩል። ሶስና "ሰው ያያል" አለች። "ይይ" አልኳት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረቀ። ለአርባው አልሄድኩም።